ስለ ኵላሊት ጠጠር ቀዶ ሕክምናና በደም ሥር ስለሚገባ አየር

በቅዱስ መጽሐፍ ልብና ኵላሊት ብዙ ጊዜ ባንድነት ይጠራሉ። የሰውን ስውር አሳብ የሚያውቅ አምላክ ልብንም ኵላሊትንም የሚመረምር መሆኑ በመዝሙረ ዳዊትም በትንቢተ ኤርምያስም ተነግሮ ስለሚገኝ፤ ከልጅነታችን ዠምረን ዳዊት ስንደግም ያደግን ሰዎች ሁለቱን ብልቶች እንደ ጎረቤታሞች አድርገን እንቈጥራቸዋለን። በሥጋ አቀማመጣቸው ግን የተራራቁ ናቸው፤ ልብ በደረት ውስጥ በሳንባዎች መካከል ተቀምጦ ሲሠራ፣ ኵላሊቶች ከታችኛው የጐድን አጥንት ሥር ወደ ጀርባ ተጠግተው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ጕዳይ የመጽሐፉን ማጣመር የሚያስታውስ ነው፤ ይኸውም ሐኪም ከኵላሊት ውስጥ ጠጠር ለማውጣት ሲሠራ፣ በተከፈተው ደም ሥር የገባ አየር ወደ ልብ ወጥቶ ሕመምተኛውን ባንድ አፍታ ለሞት የሚያሰጋበት ጊዜ መኖሩ ነው። ነገሩ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ነው። ጥቂት ጊዜ በመድረሱም ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ያልታወቀ ነገር በደረሰ ጊዜ ደግሞ አንዱ በሐኪሙ እጅ፣ አንዱ በዕድል፣ አንዱም በሰው ዐይን ያመካኛል።

አስቀድሞ ስለ ጠጠሩ መናገር ይገባል። ኵላሊት ደምን እያጣራ ለሰውነት የማያስፈልገውን በሽንት የሚያስወጣ ብልት ነው። በሽንቱም ውስጥ ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች ሟሙተው ይገኛሉ። ውኃው በቂ ሲሆን ከሽንቱ ጋር ይወጣሉ፤ ውኃው ሲያንስ ግን፣ በአፋር በረሃ ውኃው በፀሐይ ተንኖ ጨው እንደሚቀር ሁሉ፣ እነዚሁ ነገሮች ተጠራቅመው ይረጋሉ፤ በጊዜም ብዛት ጠጠር ይሆናሉ። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ከ2 ሴንቲ ሜትር የበለጠው ግን በመጠጥ ብቻ የሚወጣ ስላይደለ የሐኪም እጅ ያሻዋል። ጠጠሩ ከኵላሊት ወጥቶ ወደ ፊኛ በሚወስደው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ በተሰነቀረ ጊዜ፣ ከጐድን ተነሥቶ እስከ ብሽሽት የሚወርደው ውጋት ጐልማሳውን ሰው መሬት ላይ ያንከባልላል። እኛም በቅኔ ቤት ሳለን እንዲህ ያለ ሕመም የያዛቸውን አንድ መምህር አይተናል፤ ጕባኤውን አቋርጠው ሲወጡ ተማሪው ሁሉ የቅኔው ምሥጢር ከብዷቸው ነው ይል ነበር።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ከሊማሊሞ ቍልቍለትም በታች የሚኖረው ገበሬ ለዚህ ሕመም የሚዳርግ ኑሮ አለው። ብርዱ ጥማትን ያስረሳል፤ በደጋው ያለው ደረቅና ስስ አየር ግን በየትንፋሹ ከሰውነት ውኃ ይወስዳል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በገብስ ማሳ ላይ ሲደክም ውሎ ሳይጠማው ውኃ ይጐድለዋል። ውኃውም ቢሆን ሴቶች በእንስራ ከወንዝ የሚያመጡት ስለ ሆነ በቍጠባ የሚጠጣ ነው። ሐኪሞች ጠጠር ያወጣበት ሰው በቀን ከሁለት ሊትር ያላነሰ ሽንት እስኪሸና ድረስ ውኃ እንዲጠጣ ያዛሉ፤ ይህ ትእዛዝ በጎንደር ከተማ ቧንቧ ላለው ሰው ቀላል ሲሆን፣ በሰሜን ተራራ ላለው ግን የሚስቱን ወይም የልጁን አንድ ተጨማሪ ምልልስ የሚጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ ለካህናት አንባቢዎቻችን አንድ ቃል እናክላለን። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚቈይ፣ ሌሊቱንም በማሕሌት የሚቆም ካህን፣ ከጾም ሰዓት በኋላ የሚጠጣውን ውኃ ሊያበዛ ይገባዋል። ጾሙን ማንም ሊነካበት አይደለም። ነገር ግን ከምግቡ ጋር አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ የሚተኛ ሰው፣ ጾሙ ያላዘዘውን ጥማት በራሱ ላይ ይጨምራል። ጠጠር የተገኘበት ሰው ደግሞ የንስሐ አባቱን ሊያማክር ይችላል፤ ለሕመምተኛ የሚደረገው ርኅራኄ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው።

ሕመሙ የጸናበት የሰሜን ሰው ከመንደሩ እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ሆስፒታልም አላት። ጠጠሩ ትልቅ ሆኖ ሲገኝ ግን በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ጎንደር መውረድ የተለመደ ነው። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ የወጡት የጤና መኰንኖች፣ ነርሶችና የጽዳት ባለሙያዎች ባገሪቱ ጠረፍ ሁሉ ተሠማርተዋል፤ ያው ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ጎንደር ለሕክምና ባዕድ አገር አይደለችም፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ወደ ህንድ የወሰዱት፣ በዚያም ተምሮ ሐኪም የሆነውና በኋላ ላገሩ የደከመው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ልጅ ነበረ።

ጠጠርን በቢላዋ ማውጣት የቈየ ሥራ ነው፤ የጥንቶቹ የግሪክ ሐኪሞች በሂፖክራጥስ ስም በሚጠራው መሐላ ራሳቸው ለጠጠር እንዳይቀዱ፣ ሥራውን ለለመዱት እንዲተዉት ይምሉ ነበር። በዘመናችን ግን ጥበቡ ተሻሽሏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941፣ የኢጣሊያ ጦር በወልቅፊት ላይ እጁን በሰጠበት በዚያው ዓመት፣ ሩፐልና ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ቀድሞ በኵላሊት ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል መሣሪያ አስገብተው ጠጠር አወጡ። በ1976 ፈርንስትሮምና ዮሐንሶን የተባሉ የስዊድን ሰዎች፣ ለዚሁ ጕዳይ ሆን ተብሎ በጀርባ በኩል በተከፈተ ጠባብ መንገድ ጠጠር የማውጣትን ሥራ አስታወቁ። በ1980 ደግሞ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ፣ ሰውነትን ሳይቀዱ ከውጭ በሚላክ የሞገድ ኀይል ጠጠርን መሰባበር ተዠመረ። ዛሬ ትልቅ ጠጠር ላለበት ሰው የተመረጠው የስዊድኖቹ መንገድ ነው፤ ምንም እንኳ ባገራችን በብዙ ስፍራ እስከ ዛሬ ጐድንን በሰፊው ከፍቶ ማውጣት የሚሠራበት ቢሆን።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ በሆዱ ይገለበጣል። ሐኪሙ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየተመለከተ ከጐድኑ በታች ረዥም መርፌ እስከ ኵላሊቱ ጕድጓድ ድረስ ያስገባል፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ መንገዱን ጥቂት በጥቂት ያሰፋል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን መመልከቻውን መሣሪያ ያገባል። የጨው ውኃ ሳያቋርጥ እየፈሰሰ ጕድጓዱን ያጥባል፤ ጠጠሩም ተሰባብሮ ይወጣል። ቍስሉ ትንሽ፣ ሕመሙ ቀላል፣ የሆስፒታል ቈይታውም አጭር ነው።

አየሩ የሚገባው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። በጤናማ ሰው ደም ሥር ውስጥ የአየር አረፋ የለም፤ ደም መላሹ ሥር ተቈርጦ ቢከፈትም አብዛኛውን ጊዜ ደም ይፈሳል እንጂ አየር አይገባም። ነገር ግን የተከፈተው ስፍራ ከልብ በላይ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ በሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያንሳል፤ ያን ጊዜ ሥሩ አየርን እንደ ሰው አፍ ይስባል። በሆዱ የተኛ ሰው ኵላሊቱ ከልቡ ከፍ ሊል ይችላል፤ በጐድኑ ተኝቶ ከወገቡ በታች ድጋፍ የተደረገለትም ሰው እንዲሁ ነው። ውኃው የጐደለበት ሕመምተኛ ደግሞ የደም ሥሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሚሆን ይበልጥ ያሰጋዋል። ይህም የደጋውን ገበሬ ነገር እንደ ገና ያነሣል፤ ጠጠሩን ያመጣበት የውኃ ጕድለት በጠረጴዛውም ላይ ይከተለዋል።

ከዚህ ሌላ በሰው እጅ የሚገባ አየር አለ። በሆዱ የተኛ ሰው ኵላሊት ውስጥ ጥቂት አየር ቢጨመር ወደ ላይኛው፣ ማለት ወደ ጀርባው በኩል ወዳለው ክፍል ስለሚወጣ፣ በራጅ ላይ መርፌው የሚገባበትን ስፍራ ያሳያል። አንዳንድ ሐኪሞች ስለዚህ ጥቅም አየር በሥሪንጅ ይጨምራሉ፤ ከተጻፉትም የአደጋ ታሪኮች መካከል ከዚህ የተነሡ አሉ። እንዲሁም የሚያጥበው የጨው ውኃ ከረጢት ባዶ ሆኖ ሳለ በግፊት ሲነፋ፣ ወይም ቱቦው አየሩ ሳይወጣለት ሲገጠም፣ ወይም ጠጠር የሚመጠው መሣሪያ ቱቦ ተገልብጦ ሲቀጠል፣ ውኃ መግባት በሚገባው ስፍራ አየር ይገባል። ከነዚህ ሁሉ አንዱም ጥልቅ ጥበብ የጐደለው ሰው ስሕተት አይደለም፤ በድካም ሰዓት አንድ ከረጢት አለመመልከት ብቻ ነው።

የገባው አየር ከኵላሊት ደም መላሽ ወደ ትልቁ ሥር፣ ከዚያም ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይደርሳል። ልብ ፈሳሽን ለመግፋት የተሠራች ናት፤ አየርን ግን ስትጨምቀው ይጨመቃል፣ ስትለቀው ይሰፋል፤ ወደ ፊትም አይሄድም። ስለዚህ ልብ እየመታች ደም ወደ ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። በጕልማሳ ሰው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚሆን አየር፣ ማለት አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል፣ ባንድ ጊዜ ቢገባ ለሞት እንደሚያደርስ ይገመታል። ጥቂት ጥቂት የሚገባውን ሳንባ ያጣራዋል። ነገር ግን ከአራት ጕልማሶች ባንዱ ያህል፣ በእናቱ ማኅፀን ሳለ በልቡ ቀኝና ግራ መካከል የነበረው ትንሽ መስኮት ሳይዘጋ ይኖራል፤ እንዲህ ባለው ሰው ጥቂቱም አረፋ ወደ ግራው አልፎ የአንጎልን ሥር ሊደፍን ይችላል። ያ ሰው ልቡ ድኖ ሳለ ከማደንዘዣው ሲነቃ እጁ ወይም እግሩ ሰልሎ ይገኛል።

ሕመምተኛው ተኝቷልና ታመምሁ አይልም። ፊቱም ወደ ታች ነው። ስለዚህ አደጋውን የሚናገሩ መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ከነሱም ለሥራው የሚበጀው ካፕኖግራፍ የሚባለው፣ ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ነው። ደም ወደ ሳንባ መድረሱን ሲያቆም ከትንፋሹ ጋር የሚወጣው ይህ አየር በድንገት ይወርዳል፤ መሣሪያውም ያን ጊዜውን ያሳያል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ግን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። የልብን ውስጥ የሚያሳየው አልትራሳውንድ ከሁሉ ይበልጥ ረቂቅ አረፋ ያያል፤ ነገር ግን በየቀዶ ሕክምናው የሚገኝ አይደለም።

ስለ ኦክስጅን መለኪያው ነገር ሰሜንን የሚመለከት አንድ ጕዳይ አለ። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ መለኪያው ዝቅ ያለ ቍጥር ባሳየ ጊዜ ደጋ ስለ ሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይመጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት መምህርና ጓደኞቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያወጡት ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የነዚህ ሰዎች ደም የያዘው ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ ያህል፣ ማለት በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይርቅ ሆኖ ተገኘ፤ ደማቸውም እንደ አንዲስ ተራሮች ሰዎች አልወፈረም። አምላክ የሰሜንን ሰው ለአገሩ አስማምቶ ፈጥሮታል። እንግዲህ የሰሜን ሰው በጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ቍጥሩ ሲወርድ፣ ተራራውን ምክንያት አድርጎ መጠበቅ ባልተገባ ነበር።

አደጋው በታወቀ ጊዜ የሚደረገው ሥራ ቶሎ መሆን አለበት። ሐኪሙ ሥራውን አቁሞ የተከፈተውን ስፍራ በጨው ውኃ ይሞላል፤ ጠረጴዛው ይስተካከላል፤ የሰመመን ባለሙያው ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ ይሰጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ማደንዘዣ እየተሰጠ እንደ ሆነ ወዲያው ይቋረጣል፤ ወደ አረፋው ገብቶ ያሳብጠዋልና። ሕመምተኛውን በግራ ጐኑ አስተኝቶ ራሱን ዝቅ ማድረግ፣ አየሩ ከሳንባው ሥር አፍ ፈቀቅ እንዲል፣ ዱራንት የተባለ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 የጻፈው ምክር ነው። በትልቁ የአንገት ሥር ቱቦ ካለ አየሩን በሥሪንጅ መምጠጥ ይሞከራል። ልብ ካቆመች ግን ደረቱን መጫን የሚቀድም ስለ ሆነ፣ በሆዱ ያለውን ሰው በጀርባው መገልበጥ ያስፈልጋል። ለዚህም መንኰራኵር ያለው አልጋ ከበሩ ሳይርቅ መቆም አለበት፤ አልጋውን ከሌላ ክፍል ለማምጣት የሚያልፉት ደቂቃዎች የሰውየው ዕድሜ ናቸው።

ከመድረሱም በፊት የሚከለከልበት መንገድ አለ። በአየር ፈንታ በራጅ የሚታየውን ቀለም፣ ወይም በደም ውስጥ ቶሎ የሚሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት በቂ ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል። ከረጢቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም መታዘዝ አለበት። ይልቁንም ቀዳጁ ሐኪም አየር የሚጨምር ከሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰመመን ባለሙያው ሊነግረው ይገባል፤ በጠረጴዛው ራስ በኩል የተቀመጠው ሰው ያልተነገረውን ሊጠብቅ አይችልምና። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ያወጣው፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉም ባንድነት ጮኾ የሚያነበው ዝርዝር የዚህ ዐይነት መነጋገርን የሚያዝ ነው። በስምንት ከተሞች በተሞከረ ጊዜ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴራችንም በ2008 ዓ.ም. ሕይወትን በአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና የማዳን ዕቅድ አውጥቶ ይህንኑ ዝርዝር አስገብቶበታል። ላይፍቦክስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ የጣቱን መለኪያ ለድኆች አገሮች ሲያድል ቈይቷል።

እንዲህ ላለው ጥቂት ጊዜ ለሚደርስ ነገር ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው አይጠፋም። ሕዝቡን አስፈርታችሁ ከሐኪም ታሸሹታላችሁ የሚለንም ይኖራል። ሁለተኛው ወቀሳ ከባድ ስለ ሆነ ከሱ እንዠምር። ጠጠሩን ፈርቶ በቤቱ የሚቀመጥ ሰው ከአየሩ ይልቅ እጅግ የሚበዛ አደጋ ያገኘዋል። የተደፈነ ኵላሊት ከጊዜ በኋላ ይሞታል፤ ከውጋቱ ጋር ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ደግሞ መርዙ በደም ተሠራጭቶ በጥቂት ቀን ይገድላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ጠበሉን እየጠጣም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባዋል። ካህናት ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ ቢናገሩ ከኛ ጋዜጣ ይልቅ ይሰማሉ።

ለመጀመሪያው ግን የምንመልሰው ለሹማምንት ነው። ካፕኖግራፉ ለዚህ አደጋ ብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የመተንፈሻው ቱቦ በሳንባ ፈንታ በጕረሮ ወደ ሆድ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ይህም ከአየሩ ይልቅ አዘውትሮ የሚደርስ ነው፣ አስቀድሞ የሚናገረው ይኸው መሣሪያ ነው። ለምጥ፣ ለተሰበረ አጥንት፣ ለታመቀ አንጀት በማደንዘዣ የሚተኛው ሁሉ ይጠበቅበታል። ነገር ግን ጠጠር የሚሰብረው መሣሪያ በመጣ ጊዜ ሪባን ይቈረጣል፣ ፎቶግራፍም ይነሣል፤ ትንፋሽ የሚለካው ሣጥን ሲገዛ ማንም አይሰበሰብም። ስለዚህ በግዢው ዝርዝር ላይ ወደ ታች እየወረደ ለመጪው ዓመት ይተላለፋል። ኦክስጅኑም እንዲሁ ነው፤ ሲሊንደሩ ሥራው ከመዠመሩ በፊት መመዘኑን የሚጠይቅ አለቃ ያለበት ሆስፒታልና የሌለበት ሆስፒታል አንድ አይደሉም።

የቀረን ስለ መዝገብ የምንለው ነው። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ዠምሮ የቤተ ሰቡን ልደትና ሞት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አለው። ሰው በሞተ ጊዜ መዝጋቢው ከልቅሶው ወራት በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ሟቹ ምን ምን እንዳለው፣ ሕመሙ በምን እንደ ዠመረ፣ ስንት ቀን እንደ ቈየ ዘመዶቹን ይጠይቃል፤ ሐኪሞችም የተጻፈውን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ባገራችን ብዙ ሰው በቤቱ የሚሞት ስለ ሆነ ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ወባው፣ ሳንባ ነቀርሳው፣ የወሊድ ሞቱ በዚህ መንገድ ይታወቃል። በደም ሥር የገባ አየር ግን ዘመድ አይቶ የሚናገረው ነገር አይደለም፤ በበሩ ውጭ ተቀምጦ የነበረው ወንድም የሚያውቀው የገባበትን ሰዓትና የተነገረውን መርዶ ብቻ ነው። በየ5 ደቂቃው ትንፋሹና የደሙ ግፊት የተጻፈበት ወረቀት ያለው በሰመመን ባለሙያው እጅ ነው፤ ያም ወረቀት ከሕመምተኛው ፋይል ጋር ሳይታሰር ከጠፋ የሚተካው የለም። መዝጋቢው በዳባት ደጃፍ ላይ ቆሞ በምን ሞተ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ መልሱ፣ ለጠጠር ሊቀደድ ገብቶ አልነቃም፣ የሚል ይሆናል፤ እሱም ይህንኑ ይጽፋል።